ያረጀ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ ድርሻ መግዛት ያዋጣል? ወይስ ቦቴ?

ጣና_ዳር_ስምንት፦

ጤና ይስጥልን። ባሕር ዳር ላይ የባሕረኛ ትምህርት ተምረን በውጭ መርከቦች የማሽንና የኤሌክትሪክ መኮንን ሆነን የምንሠራ ስምንት ጓደኛሞች ነን። ሁላችንም ታንከር ላይ ሠርተናል። ማሽኑን እናውቀዋለን፤ ስለ ኪራይ ገበያው ግን ያለን እውቀት ምግብ ቤት ውስጥ ከምንሰማው ወሬ አያልፍም።

እያንዳንዳችን 60,000 ዶላር፣ በድምሩ 480,000 ዶላር አለን። አንድ ደላላ ያቀረበልን ይህን ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2007 የተሠራ ኤምአር ታንከር (መካከለኛ መጠን ያለው የተጣራ ነዳጅ ጫኝ)፣ 47,000 ቶን የመሸከም አቅም፣ ዋጋው 16 ሚሊዮን ዶላር፤ 60 ከመቶው በባንክ ብድር፣ የቀረው 6.4 ሚሊዮን ከባለድርሻዎች። የእኛ ገንዘብ ከዚያ 7.5 ከመቶ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ «የቀን ገቢ 25,000 ዶላር፣ በዓመት 9,125,000 ዶላር» ተብሎ ተጽፏል። መርከቡ ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ናፍታ፣ ቤንዚንና የአውሮፕላን ነዳጅ እየጫነ ወደ ጅቡቲና ሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ወደቦች ይመላለሳል ይላሉ።

ይህን ቁጥር እንዴት እንመርምረው? የ18 ዓመት መርከብ ጭነት ያገኛል ወይ? ከስምንታችን ሦስቱ ደግሞ «መርከቡን ትተን ቦቴ ገዝተን ከጅቡቲ ባሕር ዳር እናሠራ» እያሉ ነው። የምታውቁ ሰዎች በዝርዝር ብትነግሩን ውለታችሁ ትልቅ ነው።

ቻርተር_ዴስክ፦

መጀመሪያ ደላላውን አንድ ነገር ጠይቁት፦ 25,000 የምን ቁጥር ነው? በዚህ ሥራ «የቀን ገቢ» ተብለው የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ጠቅላላ የጉዞ ኪራይ ለቀናት ሲካፈል ነው። ሁለተኛው ከኪራዩ ላይ የመርከቡ ነዳጅ፣ የወደብ ክፍያና ኮሚሽን ተቀንሶ ቀሪው ለቀናት ሲካፈል ነው፤ ይህ ቲሲኢ ይባላል። ሦስተኛው መርከቡ ለስድስት ወር ወይም ለዓመት በታይም ቻርተር ሲከራይ በየቀኑ የሚከፈለው ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው እርስ በርስ ሊነጻጸሩ ይችላሉ። አንደኛው ለባለቤት ምንም አይነግርም።

የስፖት ኪራይ፣ ማለት ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚደረግ ኪራይ፣ የሚነገረው ዎርልድስኬል በሚባል የዋጋ መለኪያ ነው። ለእያንዳንዱ መስመር በየዓመቱ ጥር ላይ በዶላር በቶን የሚወጣ መነሻ ዋጋ አለ፤ ገበያው የሚደራደረው በዚያ መነሻ መቶኛ ነው። መነሻው 12.50 ሆኖ ገበያው 160 ከሆነ በቶን 20 ዶላር ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ጉዞ ከሳዑዲው ጁቤል ወደብ እስከ ጅቡቲ አብረን እናስላ። ዋጋዎቹ ለስሌት የመረጥኳቸው ናቸው፤ እናንተ በዕለቱ የብሮከር ሪፖርት ተኩዋቸው፤ አሠራሩ ግን ይኸው ነው።

ጭነት 35,000 ቶን በ20 ዶላር፣ ኪራዩ 700,000 ዶላር። ኮሚሽን 3.75 ከመቶ፣ 26,250 ይወጣል። ርቀቱን 1,900 የባሕር ማይል ያዙ፤ በቀን 300 ማይል ከሄደ ደርሶ መልስ ወደ 13 ቀን ነው። በቀን 22 ቶን ነዳጅ ቢበላ 286 ቶን። ወደብ ላይ ሁለት ቀን መጫን በ6 ቶን፣ ሁለት ቀን ማራገፍ በ18 ቶን፣ ሁለት ቀን መጠበቅ በ5 ቶን፤ ተደምሮ 58 ቶን። ማራገፉ ለምን ይህን ያህል እንደሚበላ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ የጭነት ፓምፑ ኃይል ከቦይለሩ ወይም ከጄኔሬተሩ ነው የሚመጣው። በድምሩ 344 ቶን፣ በ600 ዶላር 206,400 ዶላር። የሁለቱ ወደቦች ክፍያ 120,000 ይሁን። ቀሪው 347,350 ዶላር ለ19 ቀን ሲካፈል በቀን 18,280 ገደማ ነው። ጠቅላላው ኪራይ ለ19 ቀን ቢካፈል ግን 36,800 ይሆን ነበር። ልዩነቱን አያችሁት?

አሁን ጅቡቲ ላይ አምስት ቀን ተጨማሪ ቆማችሁ እንበል። 15,000 ዶላር ነዳጅ ይጨመርና 332,350 ለ24 ቀን ይካፈላል፤ በቀን 13,850 ሆነ። ዲመሬጅ፣ ማለት መርከቡ ከተፈቀደው ጊዜ በላይ ሲቆም ተከራዩ የሚከፍለው፣ በቀን 20,000 ዶላር ተስማምታችሁ ከሰበሰባችሁ፣ ኮሚሽኑ ተቀንሶ 96,250 ይገባና ወደ 17,860 ትመለሳላችሁ። ስለዚህ ውሉ ውስጥ ያለችው የዲመሬጅ መስመር ከኪራዩ ቁጥር እኩል መነበብ አለባት።

ወደ ዓመቱ ስንመጣ መርከብ 365 ቀን አያገኝም። ለጥገናና ለብልሽት 20 ቀን አውጡ። 345 ቀን በ18,280 ወደ 6.31 ሚሊዮን ዶላር ነው። የመርከብ ማስተዳደሪያ፣ ማለት ደመወዝ፣ መለዋወጫ፣ ዘይት፣ ኢንሹራንስና የአስተዳደር ክፍያ፣ ለዚህ ዓይነት መርከብ በቀን 8,000 ብትይዙ አላጋነናችሁም፤ ይህ ደግሞ መርከቡ ቢቆምም ለ365 ቀን ይከፈላል፤ 2.92 ሚሊዮን። ለድራይ ዶክ፣ ማለት መርከቡ ከውኃ ወጥቶ ለሚጠገንበት፣ በዓመት 720,000 አስቀምጡ፤ በሁለት ዓመት ተኩል 1.8 ሚሊዮን ይሆናል። ብድሩ 9.6 ሚሊዮን በአምስት ዓመት ቢከፈል ዋናው 1.92 ሚሊዮን፣ ወለዱ በ8 ከመቶ በመጀመሪያው ዓመት 768,000። ደምሩና ቀንሱት፤ ለባለድርሻ የሚተርፍ የለም፤ እንዲያውም ወደ 20,000 ዶላር ይጎድላል።

ይህ ማለት ሥራው ከሳሪ ነው ማለት አይደለም። ቲሲኢው በቀን 1,000 ዶላር ሲጨምር በዓመት 345,000 ዶላር ቀጥታ ወደ ባለቤቱ ይሄዳል፤ ሲቀንስም እንዲሁ ከኪሱ ይወጣል። ስለዚህ የምትገዙት በገበያው ላይ የተንጠለጠለ ነገር መሆኑን እወቁ። የሚቀርብላችሁን ቁጥር ለማመሳከር ትልልቆቹ የታንከር ኩባንያዎች ሀፍኒያ፣ ቶርምና ስኮርፒዮ ታንከርስ በየሩብ ዓመቱ የሚያወጡትን የኤምአር ቲሲኢ ተመልከቱ። እነሱ ወጣት መርከብና ሰፊ የኪራይ ክፍል ይዘው ካገኙት በላይ የ18 ዓመት መርከብ ያገኛል የሚላችሁ ሰው ምክንያቱን ያስረዳ።

ፓምፕ_ሩም፦

ቻርተር_ዴስክ ስሌቱን በደንብ አስቀምጦታል። እኔ የምጨምረው ያ 20 ዶላር በቶን ለዚህ መርከብ መነገሩ በራሱ አጠያያቂ መሆኑን ነው። የ18 ዓመት መርከብና የ6 ዓመት መርከብ አንድ ገበያ ውስጥ አይደሉም።

ትልልቆቹ የነዳጅ ኩባንያዎች መርከብ ከመከራየታቸው በፊት የሳየር ሪፖርቱን፣ ማለት የታንከር ምርመራ ውጤቱን፣ ያያሉ። ከመስከረም 2 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ሳየር 2.0 ነው፤ መርማሪው ታብሌት ይዞ ይመጣል፣ ጥያቄዎቹ ለየመርከቡ ተለይተው የሚወጡ ናቸው፣ ፎቶ ከነባሩ ሁኔታ ጋር ይመሳከራል፣ ሠራተኛው ሥራውን ሲሠራ ይታያል። ከስድስት ወር ያለፈ ሪፖርት ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም። ከ15 ዓመት በላይ ለሆነ መርከብ ደግሞ ካፕ የሚባል የይዞታ ምዘና ይጠየቃል፤ ከ1 እስከ 4 ይሰጣል፣ 1 ወይም 2 ያላገኘ በር ላይ ይመለሳል። ካፕ ቢኖረውም ዕድሜውን ብቻ አይተው የማይቀበሉ ተከራዮች አሉ። ብዙ ፑሎችም (መርከቦችን በጋራ የሚያከራዩ ስብስቦች) ያረጀ መርከብ አያስገቡም። ስለዚህ ደላላውን «ባለፉት 12 ወራት ማን ማን ተከራይቶታል፣ የመጨረሻዎቹ አምስት ጭነቶች ምን ነበሩ» በሉት። መልሱ የተድበሰበሰ ከሆነ ገበያው ጠቧል ማለት ነው።

የመርከቡን ሁኔታ እናንተው መፈተሽ ትችላላችሁ፤ ይህ ትልቅ ዕድላችሁ ነው፤ አብዛኛው ገንዘብ ያለው ሰው ይህን አይችልም። ከወረቀቱ እንጀምር። የክላስ (መርከቡን እየመረመረ የሚመሰክርለት ድርጅት) መዝገቡን ሙሉ ጠይቁ፤ በተለይ የባላስት ታንኮች (ሚዛን መጠበቂያ የባሕር ውኃ የሚያዝባቸው) ቀለም «ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ደካማ» ከሚሉት የትኛውን እንዳገኘ። «ደካማ» የሚል አንድ ታንክ ካለ በየዓመቱ እየተከፈተ ይመረመራል፤ ብረት መቀየር ሲመጣ በቶን የሚከፈል ነው፣ መቆሚያው አይታወቅም። ከዚያ የብረት ውፍረት መለኪያ ሪፖርቱን። የባላስት ውኃ ማጣሪያ መሣሪያ ተገጥሞ መሥራቱን፤ የመጨረሻው ቀነ ገደብ መስከረም 8 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ነበር፤ መገጠሙ አንድ ነገር ነው፣ መሥራቱ ሌላ። የማሽን ሰዓት መዝገቡን ከመለዋወጫ ግዢው ጋር አመሳክሩት፤ ፒስተን ተነሥቷል ተብሎ ተጽፎ ሪንግ ያልተገዛበት መርከብ ብርቅ አይደለም።

መርከቡ ላይ ስትወጡ የጭነት ፓምፖቹን ዋናው ሥራችሁ አድርጉት። በየታንኩ የተጠመቀ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ከሆነ በጭነቱና በዘይቱ መካከል ያለውን ባዶ ክፍል፣ ኮፈርዳሙን፣ አየር ወይም ናይትሮጅን ሰጥታችሁ አስተፉት። የሚወጣውን በጣሳ ተቀበሉና ለኩት። ናፍታ ወይም ቤንዚን ከመጣ የታችኛው «ሲል» (ማሸጊያ) እያሳለፈ ነው፤ የሃይድሮሊክ ዘይት ከመጣ የዘይቱ በኩል ያለው ሲል ነው። ጥቂት ጠብታ ይታለፋል፤ ጣሳውን የሚሞላ ከሆነ ፓምፑ መውጣት አለበት። ከዚያ የማስተፋት መዝገቡን ክፈቱ። ለወራት በሁሉም ፓምፖች ላይ «ዜሮ፣ ዜሮ» ተብሎ በአንድ እጅ ጽሑፍ ተሞልቶ ካገኛችሁት ማንም አላስተፋውም። ይህ ጉዳይ ከጥገና ያልፋል፤ በውሉ መርከቡ ማኒፎልድ (የማራገፊያ ቱቦው የሚገጠምበት) ላይ 100 ፒኤስአይ፣ ማለትም 7 ባር ገደማ፣ ጠብቆ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ አራግፎ መጨረስ አለበት። ፓምፑ 5 ባር ላይ ከቀረ የጠፋው ጊዜ ከዲመሬጁ ይቀነሳል። ያ 96,250 ዶላር በአንድ ያለቀ ሲል ምክንያት ሊጠፋ ይችላል።

የታንክ ውስጥ ቀለምም እንዲሁ። ቀለሙ ከተነሣ ብረቱ ያለፈውን ጭነት ይይዛል፤ ከቤንዚን ወደ አውሮፕላን ነዳጅ ስትቀይሩ ናሙናው ይወድቃል። ማጠብ ደግሞ ቀላል አልሆነም። የኤደን ባሕረ ሰላጤና ቀይ ባሕር ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማርፖል፣ የመርከብ ብክለትን በሚከላከለው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ልዩ ቀጠና ሆነዋል፤ የፋርስ ባሕረ ሰላጤም ቀደም ብሎ ነው። ከጭነት ክፍል የወጣ እጣቢ እዚያ አይጣልም፤ ስሎፕ በሚባለው የእጣቢ ታንክ ውስጥ ይዛችሁ መቀበያ ያለው ወደብ ከፍላችሁ ማስረከብ ነው። ደላላው ያመጣው መስመር አብዛኛው ክፍል በእነዚህ ቀጠናዎች ውስጥ ነው። የእጣቢ ክፍያ ስሌቱ ውስጥ አለ? እርግጠኛ ነኝ የለም።

አንድ ቀን ደግሞ ላስታውሳችሁ። መርከቡ በ2007 ከተሠራ፣ ክላሱ በየአምስት ዓመቱ የሚያደርገው ልዩ ምርመራ አራተኛው ጊዜ 2027 ነው። ምርመራው በቀረበ ቁጥር ሻጭ ለመገላገል ይቸኩላል።

ጣና_ዳር_ስምንት፦

እግዚአብሔር ይስጥልን፤ የማስተፋት መዝገቡን ነገር እኛም በዓይናችን ያየነው ስለሆነ ገብቶናል። ሁለት ነገር እንጨምር። ደላላው «ቀይ ባሕር ስለተዘጋ ኪራይ ገና ይጨምራል» ይላል። «የኢትዮጵያ ነዳጅ ሁሉ በጅቡቲ ስለሚገባ ጭነት አይጠፋም» ይላል። እውነት ነው? ቦቴውንስ የሚያውቅ አለ?

ስምሪት_ባሕር_ዳር፦

የቦቴውን እኔ ልመልስ። በመጀመሪያ መጠኑን እናስተያይ። 35,000 ቶን ናፍታ በ0.84 ጥግግት ወደ 41.7 ሚሊዮን ሊትር ነው። ባለ 45,000 ሊትር ቦቴ 926 ያህል ይፈልጋል። ከነተሳቢው 20 ሜትር አድርጋችሁ ብትደረድሯቸው 18.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ ከሚወስደው መንገድ ከግማሽ በላይ። የእናንተ አንድ ቦቴ ከዚያ ሰልፍ አንዷ ናት፤ ወረፋውን የምትወስነው እሷ አይደለችም።

የማጓጓዣ ታሪፉ በመንግሥት ስለሚወሰን በዋጋ አትወዳደሩም። የምታተርፉት ወይም የምትከስሩት በምልልስ ብዛት ነው። በወር ሦስት ጊዜ የሚመላለስና ሁለት ጊዜ የሚመላለስ ቦቴ የብድር ክፍያቸው እኩል ነው፤ ገቢያቸው ግን በአንድ ሦስተኛ ይለያያል። ቻርተር_ዴስክ ስለ መቆም ቀናት ያለው እዚህም ያው ነው፤ የሚለየው ለቦቴ ዲመሬጅ የሚከፍል ሰው ማግኘት ከባድ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከነዳጅ ኩባንያው ጋር ስትዋዋሉ ማራገፊያ ላይ ከስንት ሰዓት በላይ ሲቆም ምን እንደሚከፈል ይጻፍ። ማደያው ታንኩ ሳይጎድል ያዘዘው ጭነት ሲመጣ ቦቴያችሁ መጋዘን ሆኖ ይቆማል።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚጣላበት ጉድለት ነው። ናፍታ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለውጥ መጠኑ በ0.00083 ያህል ይቀየራል። ጅቡቲ በ40 ዲግሪ የተጫነ 45,000 ሊትር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ባሕር ዳር ደርሶ በ20 ዲግሪ ቢለካ 747 ሊትር ያነሰ ሆኖ ይታያል። ቤንዚን ከሆነ 0.0012 ስለሚሆን 1,080 ሊትር። ማንም አልነካውም፤ ክብደቱ ያው ነው። ግን ሾፌሩ ይከሰሳል፣ ከኪራዩ ይቆረጣል። መፍትሔው ሲጫንም ሲራገፍም በየክፍሉ ሙቀትና ጥግግት ለክቶ መመዝገብና ሁለቱንም ወደ አንድ ሙቀት፣ 15 ወይም 20 ዲግሪ፣ ቀይሮ ማወዳደር ነው። ውላችሁ ላይ «ልኬቱ በየትኛው ሙቀት እንደሚወዳደር» የምትል አንድ መስመር ካልገባች ቦቴ አትግዙ። ቴርሞሜትሩን ላዩ ላይ ብቻ ነክሮ ማውጣት አይበቃም፤ ከታንኩ መሐል ይወሰድ፣ ጥቂት ደቂቃም ይቆይ።

ታንኩ በሥነ ልክ ባለሙያ ካሊብሬት መደረጉን (ልኬቱ መረጋገጡን) እና ዲፕስቲኩ (የነዳጅ መለኪያ ዘንጉ) የዚያው ታንክ መሆኑን አረጋግጡ። ተሰብሮ በሌላ ቦቴ ዲፕስቲክ የተተካ ዕዳ ነው። ታንኩ ተገጭቶ ከተጠገነም ካሊብሬሽኑ እንደገና ይሠራል፤ ጎድጎድ ያለች ቦታ መቶ ሊትር ልትበላ ትችላለች። የታችኛው ቫልቭ ላይ የቀረ ቤንዚንም አደገኛ ነው። በ1,000 ሊትር ናፍታ ውስጥ 10 ሊትር ቤንዚን ቢቀር የመቀጣጠያ ነጥቡን ከመስፈርት በታች ሊያወርደው ይችላል፤ ጭነቱ በሙሉ ሊመለስባችሁ ነው። ቤንዚን በነበረበት ክፍል ናፍታ ስትጭኑ ደግሞ የስታቲክ ብልጭታ ስጋቱ ይብሳል፤ መሬት ማያያዣው ሽቦ ክዳን ሳይከፈት ይታሰር፣ ፍሰቱ አፉ እስኪሸፈን ቀስ ይበል፣ ሞልቶ ካለቀ በኋላ ዲፕስቲክ ወዲያው አይግባ።

መንገዱ ሁለት ነው፦ በአዲስ አበባ ዞሮ በደብረ ማርቆስ፣ ወይም ከሚሌ በወልዲያና በደብረ ታቦር ወደ ወረታ። ሁለተኛው ያጥራል፤ መታጠፊያውና ዳገቱ ግን ይበዛል፣ የመንገዱም ጸጥታ በየዕለቱ ይጠየቃል። በአንደኛው ደግሞ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው ቁልቁለት አለ። የሞተር ፍሬኑ ወይም ሪታርደሩ የማይሠራ ቦቴ እዚያ በእግር ፍሬን ብቻ ከወረደ ፍሬኑ ግሎ መያዝ ያቆማል። ግማሽ የተራገፈ ክፍል ይዞ መውረድም ክልክል መሆን አለበት፤ ፈሳሹ ወደፊት ሲመታ መኪናውን ይገፋዋል። ከክፍሎቹ አንዳንዶቹን ሙሉ፣ ሌሎቹን ፈጽሞ ባዶ አድርጎ መንቀሳቀስ ነው።

እኔ ብጠየቅ፣ ቦቴ የሚያዋጣው ባለቤቱ ወይም ታማኝ የስምሪት ሰው በየቀኑ ሲከታተለው ነው። ስምንታችሁም ባሕር ላይ ሆናችሁ በስልክ የምታስተዳድሩት ከሆነ ባይገዛ ይሻላል።

ቻርተር_ዴስክ፦

ወደ ቀይ ባሕሩ ልመለስ። ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደረሱት ጥቃቶች የተነሣ፣ በተለይ ከጥር 2024 በኋላ፣ ብዙ ታንከሮች በደቡብ አፍሪካ ዙሪያ መሄድ ጀመሩ። ኪራይ የጨመረው ነዳጁ ስለበዛ አይደለም፤ አንድ ጭነት መርከቡን ለተጨማሪ ሳምንታት ስለያዘው ነው። የሩሲያ ነዳጅ ላይ በታኅሣሥ 2022 እና በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. የመጡት እገዳዎችም በተመሳሳይ መንገድ መስመሮችን አስረዘሙ። እንዲህ ያለ ጭማሪ መንገዱ ሲከፈት ይመለሳል። በዚያ ትርፍ ዘመን የታዘዙ አዳዲስ ኤምአርና ኤልአር2 (ከኤምአር የሚበልጡ) መርከቦች ደግሞ በ2025 እና 2026 በብዛት የሚረከቡ ናቸው። መስመሩ ሲያጥርና አዲስ መርከብ ሲገባ መጀመሪያ ሥራ የሚያጣው ያረጀው ነው። ደላላው ይህን ሁለተኛውን ግማሽ አልነገራችሁም።

የእናንተ መስመር ላይ ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። ጅቡቲ ከባብ ኤል መንደብ በስተደቡብ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ናት። ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣ መርከብ ጠባቡን ሳይሻገር ይደርሳል፤ ስለዚህ የዙሪያው ጉዞ ጭማሪ ለእናንተ አይደርስም። የጦርነት ኢንሹራንሱ ግን ይደርሳል። በ2024 መጀመሪያ ላይ በቀይ ባሕር ለአንድ ጉዞ ከመርከቡ ዋጋ ከ0.7 እስከ 1 ከመቶ የተጠየቀበት ጊዜ ነበር። በ16 ሚሊዮን ዶላር መርከብ ላይ 1 ከመቶ 160,000 ዶላር ነው፤ ቀደም ብዬ ካሰላሁት የጉዞ ቀሪ ግማሽ ሊጠጋ ምንም አልቀረው። ተጨማሪው ፕሪሚየም በተከራዩ እንዲሸፈን ውሉ በግልጽ ካላለ የእናንተ ነው። መጫኛው ደግሞ ከሆርሙዝ በስተ ውስጥ ነው፤ እዚያ አንድ ነገር ሲፈጠር የመርከቡ ሥራ በሙሉ አብሮ ይቆማል።

«ጭነት አይጠፋም» የሚለውን በተመለከተ። ኢትዮጵያ ነዳጇን በሙሉ ከውጭ ታስገባለች፣ በዓመት ከ3 ሚሊዮን ቶን በላይ፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሻጩ ጅቡቲ ድረስ በሚያደርስበት ውል መርከቡን የሚመርጠው ሻጩ ነው፤ ሻጮቹ ትልልቅ ነጋዴዎች ናቸው፣ መርከብ የሚያጣራ የራሳቸው ቬቲንግ ክፍል አላቸው። የሀገራችን የመርከብ ድርጅት «ባሕር ዳር» እና «ሐዋሳ» የተባሉ ሁለት ታንከሮችን በቻይና እንዳሠራ ታውቃላችሁ፤ እያንዳንዳቸው ከ41,000 ቶን በላይ የሚይዙ። የከተማችሁን ስም የያዘ መርከብ እንኳ ጭነት ያገኝ የነበረው ተከራይ ሲቀበለው ነው።

አንድ ልመና አለኝ። ያረጁ ታንከሮችን በጥሩ ዋጋ የሚገዙ ሌሎች ሰዎች አሉ፤ ማዕቀብ የተጣለበትን ነዳጅ ለማመላለስ። «ካልሆነ በጥሩ ዋጋ እንሸጠዋለን» የሚል ተስፋ ከተሰጣችሁ ብዙ ጊዜ ወደዚያ ነው የሚሄደው። በአይኤምኦ ቁጥሩ (በማይለወጠው የመርከቡ መለያ) ታሪኩን ፈልጉ፦ ባለፉት ሁለት ዓመታት ባንዲራና ባለቤት ደጋግሞ ቀይሯል? ኤአይኤሱ (ቦታውን የሚያሳውቀው መሣሪያ) የጠፋባቸው ቀናት አሉ? ክላሱ የአይኤሲኤስ (የታወቁት የክላስ ድርጅቶች ማኅበር) አባል ነው? የፒኤንድአይ (በሌሎች ላይ ለሚደርስ ጉዳት የኃላፊነት) ኢንሹራንሱ ከዓለም አቀፉ የክለቦች ቡድን ነው? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካጠራጠራችሁ ተጠንቀቁ፤ እናንተ ባለድርሻ ብቻ ሳትሆኑ የባሕር መኮንን ፈቃድ ያላችሁ ሰዎች ናችሁ። ስማችሁ ማዕቀብ ከተጣለበት መርከብ ጋር ከተያያዘ የሚበላሸው 60,000 ዶላሩ ብቻ አይደለም፤ እንጀራችሁ ነው።

ዲመሬጅ_ቆጣሪ፦

ሁሉም ስለ መግዛት ስላወራ እኔ ሌላ በር ላሳያችሁ። አነስተኛ ባለቤቶች ገንዘባቸውን በብዛት የሚያጡት ዲመሬጅ ላይ ነው፤ ስለማይገባቸው አይደለም፣ የሚያስላላቸው ሰው ስለሌላቸው ነው። ይህ ሥራ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ካለ ከባሕር ዳር ይሠራል።

ምሳሌ ልስጥ። ውሉ ለመጫንና ለማራገፍ በድምሩ 72 ሰዓት ይላል። መጫኑ 30 ሰዓት ወስዷል፣ 42 ቀርቷል። መርከቡ ጅቡቲ ደርሶ ሰኞ 06:00 የዝግጁነት ማስታወቂያ ሰጠ። ስድስት ሰዓት ይታለፍና 12:00 ላይ መቁጠር ይጀምራል፤ 42ቱ ሰዓት ረቡዕ 06:00 ያልቃል። ቱቦ የተፈታው ቅዳሜ 18:00 ከሆነ 84 ሰዓት አልፏል። ከመልሕቅ ወደ መድረኩ የሄደበት 3 ሰዓት ይቀነስ፤ 81 ሰዓት፣ ማለትም 3.375 ቀን፣ በ20,000 ዶላር 67,500 ዶላር።

የሚበላሸው የት ነው? ማስታወቂያው ከመልሕቅ ቦታው ውጭ ሆኖ ከተሰጠ ተከራዩ ዋጋ የለውም ይላል፤ ካፒቴኑ ሲደርስ ደግሞ መስጠት አለበት። የፓምፕ መዝገቡ በየሰዓቱ የማኒፎልድ ግፊት ከሌለው «ፓምፓችሁ ነው የዘገየው» ይባላል። ነዳጁን የሚረከበው ተርሚናል ግፊቱን እንድትቀንሱ ካዘዘ ያኔውኑ የተቃውሞ ደብዳቤ ይጻፍ፣ ተርሚናሉ ይፈርምበት፤ እምቢ ካለ «እምቢ ብሏል» ተብሎ ይጻፍ። ወደቡ ተጨናንቆ የጠፋው ጊዜ የማን እንደሆነ አስባታንክቮይ በሚባለው የታንከር ኪራይ ውል አንቀጽ 6 እና 9 ላይ የሚነሣ የታወቀ ክርክር ስለሆነ ውሉ ሲፈረም የተጨመሩትን አንቀጾች አንብቡ። ሰነዶቹ ሁሉ ተሟልተው በ90 ቀን ውስጥ ካልደረሱ በአብዛኛው ውል መሠረት መብቱ ይቀራል። ከ90 ቀን ውስጥ 60ው ወረቀት ሲፈለግ ነው የሚያልቀው።

ስምንት የታንከር መኮንኖች ናችሁ፤ የፓምፕ መዝገብ ስታዩ ውሸቱን ከእውነቱ ትለያላችሁ። ለሳየር 2.0 መርከብ ማዘጋጀት፣ የጥገና መዝገብ ማጽዳት፣ የዕለት ነዳጅ ፍጆታ መተንተን፣ ዲመሬጅ ማስላት፤ እነዚህን ለባለቤቶች በክፍያ መሥራት 16 ሚሊዮን አይጠይቅም። በዚያው ደግሞ የትኛው መርከብ በእውነት እንደሚያተርፍ ከውስጥ ታያላችሁ።

ጣና_ዳር_ስምንት፦

ሁላችሁንም እናመሰግናለን። ትናንት ደላላውን የክላስ መዝገቡን፣ የመጨረሻ አምስት ጭነቶችን፣ የካፕ ምስክር ወረቀቱንና የኮፈርዳም መዝገቡን ጠየቅነው። የክላስ መዝገቡ ብቻ መጣ። ሁለት የባላስት ታንኮች «ደካማ» ተብለዋል። ካፕ «በሂደት ላይ» ነው አለን፤ የመጨረሻ ጭነቶቹን ደግሞ መያዣ ገንዘብ (ቀብድ) ካስያዝን በኋላ እንደሚልክ ጻፈልን። ይህ የተለመደ ነው?

ፓምፕ_ሩም፦

አይደለም። በተለመደው የመርከብ ሽያጭ ውል ገዢ የክላስ መዝገቡንና መርከቡን አይቶ ከተቀበለ በኋላ ነው 10 ከመቶ መያዣ የሚያስገባው፤ ያውም ለሻጩ ሳይሆን በሁለቱም ስም በተከፈተ ወይም ገለልተኛ አካል በሚይዘው ሂሳብ ነው። የጭነት ታሪክ የሚደበቅ ነገር አይደለም፤ መርከቡ ለቀጣዩ ተከራይ የመጨረሻ ሦስት ጭነቶቹን ሳይናገር አንድ ቶን አይጭንም። አንድም ሳንቲም አትላኩ።